ቢጫዋ ብርድ ልብስ እኛ ዘንድ ቀረች

ሚስቴን መካን ያሏት ሰዎች አብዛኞቹ ዛሬም በሕይወት አሉ። ይህን ቢያነቡት ደስ ይለኛል። ስማቸውን አልጠራም፤ ማን ምን እንዳለ ግን አልረሳሁም፣ እነሱም የረሱ አይመስለኝም። የራሴን ስም አለመጻፌን እንደ እፍረት የሚቆጥር ካለ ተሳስቷል። እኔ ነገሩን ዶሃ ውስጥ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ድምፅ ማጉያ ይዤ ተናግሬዋለሁ።

ዶሃ ውስጥ የአንድ ቤተሰብ ሾፌር ነበርኩ። ሚስቴም እዚያው ቤት የቤት ሠራተኛ ነበረች። ባልና ሚስት አንድ ማዳምና አንድ ባባ ቤት መቀጠር ያን ጊዜ እንደ ሎተሪ ነው። ከእኛ ጋር የሚያመልኩት እህቶች አብዛኞቹ ባላቸውን አገር ቤት ትተው፣ ከዓርብ እስከ ዓርብ ከግቢ ሳይወጡ የሚኖሩ ነበሩ። እኛ ግን ከቪላው ጀርባ፣ ከጋራዡ ጎን፣ የራሳችን ክፍል ነበረችን። ማቀዝቀዣው ሲሠራ እንደ ወፍጮ ይጮሃል፣ ሲጠፋ ግድግዳው ያልበዋል። ቢሆንም በሩን ዘግተን ስንቀመጥ የሚያዘን ሰው አልነበረም። ሚስቴ ‹‹ቤተ መንግሥታችን›› ትላት ነበር።

ዓርብ ጠዋት አቡ ሃሙር እንሄዳለን። የአብያተ ክርስቲያናቱ ግቢ የተከፈተ ሰሞን ነው፤ ከዚያ በፊት በየሰው ሳሎን ተጠጋግተን፣ መስኮት ዘግተን ነበር የምንዘምረው። ግቢው ሲከፈት ጉሮሯችንም አብሮ ተከፈተ። አዳራሹን ከሌሎች ጋር በየሰዓቱ እየተፈራረቅን ስለምንጠቀም መሪያችን ሰዓታቸውን እያዩ ይሰብካሉ፣ እኛም ሰዓቱ ሳያልቅብን እንጮሃለን።

ኅብረታችን አንድ ልማድ ነበረው። ቢጫ የሕፃን ብርድ ልብስ አለች፤ ጠርዟ ላይ ነጫጭ ዳክዬዎች ተጠልፈውባታል። እኛ ዶሃ ከመግባታችን በፊት ልጅ ያጣች አንዲት እህት ‹‹በእምነት›› ብላ ሱቅ ዋቂፍ ከሚባለው ገበያ ገዝታት ነበር አሉ። ሴትዮዋ ፀነሰች። ልትወልድ አገር ቤት ስትገባ ብርድ ልብሷን አጥባ፣ በምስክርነት ሰዓት ፊት ወጥታ፣ ልጅ ለምትጠብቅ ሌላ እህት በእጇ ሰጠቻት። ያቺም ፀነሰች፣ አጥባ ለሦስተኛዋ ሰጠች። ሦስተኛዋም እንደዚያው። ከዚያ ወዲያ ደንብ ሆነ፦ ብርድ ልብሷ ከፀነሰች እጅ ወደምትጠብቅ እጅ ብቻ ነው የምትሄደው። ሳይፀንሱ መመለስ አለማመን ነው።

ለሚስቴ የተሰጠችበትን ዓርብ አስታውሳለሁ። እልልታው ጣሪያውን ሊያነሳው ነበር። እኔም ከወንዶቹ ጋር ሆኜ አጨበጨብኩ። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ‹‹የማኅፀን ፍሬ የምትጠብቁ እህቶች›› ሲባል ሚስቴ ብርድ ልብሷን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ፊት ትወጣለች፣ ትንበረከካለች፣ እጅ ይጫንባታል። አንድ ዓመት ሄደ። ሁለተኛው ሄደ። ሌሎቹ ጋ ዓመት የማትቆየው ብርድ ልብስ እኛ ዘንድ ስትደርስ ቆመች። ወረፋ የሚጠብቁ ሁለት እህቶች ነበሩ፤ እነሱ ሲያዩዋት ዓይናቸው መጀመሪያ የሚያርፈው ትከሻዋ ላይ ነው። ‹‹እስካሁን?›› ይላሉ። ከዚያ ‹‹ኧረ በረከቱን ያዘችብን›› ማለት ጀመሩ፣ ለቀልድ ዓይነት። እንዲህ ያለውን ቀልድ የሚቀልድ ሰው አፉን በሳሙና ቢያጥብ ደስ ይለኛል።

አገር ቤት ደግሞ እናቴ አለች። እናቴ ስልክ ላይ ሚስቴን በስሟ አትጠራትም፣ ‹‹ያቺ›› ነው የምትላት። ሦስተኛው ዓመት ላይ ‹‹ያቺን ትኬቷን ቁረጥላትና ላካት፣ ለወላጆቿ እኔው እነግራለሁ›› አለችኝ። ‹‹ልጅት አይቼልሃለሁ፤ ለእረፍት ስትመጣ እንጨርሳለን። አባትህ ሰባት ቤት ያስቆጠረህ አንተ ላይ እንዲቆም ነው እንዴ?›› አባቴ በእርግጥ አስቆጥሮኛል። ትንሽ ልጅ ሆኜ፣ ከራሴ ጀምሬ አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያልኩ እስከ ሰባት ካልደረስኩ እራት አይቀርብም ነበር። ‹‹እማዬ፣ ሚስቴ የትም አትሄድም›› አልኳት። ‹‹እናያለን›› ብላ ዘጋችው። እናቴ ‹‹እናያለን›› ካለች ነገሩን ጨርሳለች ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ቻልኩት። ያልቻልኩት ቀጥሎ የመጣውን ነው።

አንድ ቀን ሚስቴ ቶብ የሚሉትን የባባን ነጭ ረጅም ቀሚስ እየተኮሰች፣ ካውያውን ሳታቆም፣ መሪያችን ከሁለት ሴቶች ጋር ለብቻዋ እንዳነጋገሯት ነገረችኝ። ‹‹ሳታገቢ ያስወረድሽው ልጅ አለ ወይ ብለው ጠየቁኝ።››

‹‹ምን?››

‹‹የተሰወረ ኃጢአት በረከትን ይይዛል፤ ካለ ተናዘዢና ነፃ ውጪ አሉኝ።››

‹‹አንቺ ምን አልሽ?››

‹‹የለም አልኩ። በደንብ አስቢበት አሉኝ።›› እጅጌውን ገልብጣ መተኮሷን ቀጠለች። እሷ አላለቀሰችም፤ እኔ ግን ደሜ ፈላ። በዚያው ልሂድና ልናገራቸው ብዬ የመኪና ቁልፍ አነሳሁ። በሩ ላይ ቆማ ‹‹ምን ይዘህ ነው የምትሄደው?›› አለችኝ። እውነቷን ነው፣ የያዝኩት ንዴት ብቻ ነበር።

በዚያው ሰሞን የባባ ታናሽ ወንድም አንድ ጠዋት መኪናው ውስጥ ገባና ጥቁር መነጽሩን ሳያወልቅ ‹‹ያላ፣ ንዳ›› አለኝ። መንገዱን ራሱ እያሳየ፣ ገና በተቆፋፈሩት አደባባዮች ዙሪያ አሽከርክሮ፣ አንድ ክሊኒክ አደረሰኝ። በዋናው በር ሳቆም ‹‹እዚህ አይደለም፣ በጀርባ!›› ብሎ ጮኸብኝ። አልሸሹም ዞር አሉ! በጀርባው በር ላይ በዓረብኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈው የወንዶች የመሃንነት ሕክምና የሚል ነበር። መኪናው ውስጥ ሆኜ ጠበቅኩት። ሌሎች ወንዶች ሲገቡና ሲወጡ አየሁ፤ ነጭ ለባሹም፣ ሱሪ ለባሹም፣ ሁሉም እየተቻኮለ። ሲመለስ ‹‹ምንም አላየህም፣ ኸላስ?›› አለኝ። ‹‹ምን አየሁ?›› አልኩት።

ብዙ ነገር ነው ያየሁት። የወንድ በር አለ። የነዳጅና የጋዝ ጌታ የሆነ ሰውዬ፣ በተደበቀ በርም ቢሆን፣ ራሱን ሊመረምር ገብቷል። የእኛ ኅብረት ግን ይህን ሁሉ ዓመት ጹሞ ጸልዮ እኔን ዞር ብሎ አላየኝም። ድምፄ ወፍራም ነው፣ ጢሜ በየቀኑ ይወጣል፣ የማዳምን ፍሪጅ ብቻዬን ፎቅ አውጥቻለሁ። እንደዚህ ያለውን ሰው ማን ይጠረጥራል?

የዚያን ቀን ለሚስቴ ‹‹ልመረመር ነው›› አልኳት። ደስ ይላታል ብዬ ነበር። ፊቷ ጠቆረ።

‹‹ይቅርብህ።››

‹‹ለምን?››

በሩን ዘጋች። ከዚያ አወጣችው። ባለፈው ዓመት ማዳም ለሌላ ሕመም ሐኪም ቤት በላከቻት ጊዜ የማኅፀን ሐኪሟን ጠይቃ ነበር። ሐኪሟ ሁሉን መርምራ ‹‹አንቺ ምንም የለብሽም፤ ባልሽን ይዘሽ ነይ›› ብላት ነበር። ሚስቴ ይህን ዋጥ አድርጋ ወደ ቤት መጣች። በየዓርቡ ያቺን ብርድ ልብስ ትከሻዋ ላይ እያደረገች የምትንበረከከው፣ ጉድለቱ ከእሷ እንዳልሆነ እያወቀች ነበር።

‹‹እብድ ነሽ እንዴ?››

‹‹እኔ ለምጄዋለሁ። አንተን እንዲህ ሲያደርጉህ ማየት አልችልም።›› ቀጥላም ‹‹ዝም አይነቅዝም›› አለችኝ።

‹‹አይነቅዝም፤ ያፍናል እንጂ!›› ብዬ ጮህኩ። ማዳም በመስኮት ‹‹ሽ ፊ?››፣ ምን ተፈጠረ፣ ብላ እስክትጠይቅ ድረስ ጮህኩ።

ሄድኩ። በዋናው በር ነው የገባሁት፤ በጀርባው እንዳልገባ ለራሴ ምዬ ነበር። ሐኪሙ ሱዳናዊ ነበሩ፣ ሽበታም፣ የማይቸኩሉ። እኔም መኪና ውስጥ የለቀምኳት ዓረብኛ ስላለችኝ ተግባባን። በመጀመሪያው ምርመራ ዘር የሚባል ነገር አንዲትም አልተገኘም። ከዚያ ደም ወስደው ሌላ ምርመራ አዘዙ፤ ውጤቱ ሳምንታት ፈጀ። ስመለስ ወንበራቸውን ከጠረጴዛው ወዲህ አምጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ወንበሩ ሲንቀሳቀስ ነገሩ ገባኝ።

‹‹ያ ወለዲ›› አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው፤ ‹‹ወንድን ወንድ የሚያደርግ ዋይ የሚባል ክሮሞዞም አለ። ከእናት አይመጣም፣ አባት ለወንድ ልጁ ነው የሚያወርሰው። አባትህ ከአባቱ፣ እሱም ከአባቱ ተቀብሎታል።››

ይሄን እኔ አውቀዋለሁ፤ እራት ሳልበላ ቆሜ የቆጠርኩት ነው።

‹‹ከአንተ ክሮሞዞም ላይ አንድ ቁራጭ የለም። ሌላው አካልህ ሙሉ ነው። የጎደለው ቁራጭ ግን ዘር እንዲሠራ የሚያዝዘው ነው።››

መኪናዬ ውስጥ አንድ ገጽ የተገነጠለበት የዶሃ ካርታ ነበረኝ። ከተማውን ሁሉ ያሳያል፣ በዚያች ገጽ ላይ ያለውን ሰፈር ብቻ አያሳይም። እንደዚያ ብዬ ተረዳሁት።

‹‹ከአባቴ ነው የመጣው?››

‹‹አባትህ ይሄ ቢጎድልበት አንተ አትወለድም ነበር። አንተ ስትፈጠር ነው የጎደለው። ይሆናል፤ ማንም አጥፍቶ አይደለም።››

‹‹እናቴ ብትራገም፣ እኔ ብበድል፣ ሚስቴ ብትበድል...››

‹‹ማንም›› አሉ ደግመው።

መድኃኒቱን ጠየቅኳቸው፣ ኦፕራሲዮኑን ጠየቅኳቸው። ቁራጩ ከሌላው ክፍል ላይ ቢጎድል ኖሮ በመርፌ ፈልገው ጥቂት ዘር የሚያገኙላቸው ሰዎች እንዳሉ ነገሩኝ። የእኔ የጎደለው ክፍል ግን ፍለጋውንም ከንቱ የሚያደርግ ነው። ‹‹አድንሃለሁ የሚልህ ሰው ከመጣ እየዋሸህ ነው። ይሄን አሁን የምነግርህ ዕድሜህን በሰው ደጅ እንዳትጨርስ ነው›› አሉኝ። እጃቸውን ስሜ ወጣሁ። ሰው ተስፋህን ሲቆርጥም ሊያከብርህ እንደሚችል ያወቅኩት ከእኚህ ሰው ነው።

መኪናው ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። አላዘንኩም ብዬ አልዋሽም። ልጄን ያስቆጠርኩት መስሎኝ ስንት ጊዜ አፌ ውስጥ ደጋግሜዋለሁ፤ ከልጁ ስም ጀምሬ፣ ከዚያ የእኔን። እሱ ልጅ አልመጣም፣ አይመጣምም። ሬዲዮውን ከፍ አድርጌ እስኪወጣልኝ አለቀስኩ። ሲወጣልኝ ግን ከእንባው ሥር ሌላ ነገር አገኘሁ። ያ ሁሉ ጸሎት፣ ያ ሁሉ የእጅ መጫን፣ ያ የማስወረድ ጥያቄ በተሳሳተ ሰው ላይ ነበር የሚወርደው። የእኔን ዕዳ ሚስቴ እየከፈለችልኝ ነበር፣ ያውም እየተሰደበች። ይሄንን ይዤ አንድ ቀን አላድርም ብዬ ተነሳሁ።

ሚስቴ ስትሰማ እጄን ያዘችና ‹‹እንግዲያው በሁለታችን መሃል ይቅር›› አለች።

‹‹የእኔ ነው። የእኔን ስጪኝ።››

‹‹ይስቁብሃል። ወንድ አይደለም ይሉሃል።››

‹‹ይበሉ! ሦስት ዓመት ጢሜን እያዩ ወንድ ነው ሲሉኝ ምን ጠቀመኝ?››

ዓርብ ደረሰ። መዝሙር ተዘመረ፣ ‹‹የማኅፀን ፍሬ የምትጠብቁ እህቶች›› ተባለ። ሚስቴ ብርድ ልብሷን ይዛ ተነሳች። እኔም ከወንዶቹ ረድፍ ተነስቼ ተከተልኳት። መሪያችን ‹‹ወንድሜ፣ እህቶች ነው ያልነው›› አሉኝ በፈገግታ። ሰው ሳቀ። ድምፅ ማጉያውን ከእጃቸው ወሰድኩ። ቀማሁ ቢባልም አልከራከርም።

‹‹ልጅ የማይወልደው እኔ ነኝ›› አልኩ። ‹‹እሷ ጤነኛ ናት፣ ሐኪም አይቷታል። እኔንም ሐኪም አይቶኛል። ከተፈጠርኩ ጀምሮ ዘር የሚሠራው ቁራጭ የለኝም። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ መንበርከክ ካስፈለገ እኔ እንበረከካለሁ፣ እጅ መጫን ካስፈለገ ራሴ ይኸውና። ያስወረድከው አለ ወይ ብላችሁ እኔን ጠይቁኝ።››

ማንም አልሳቀም። ኳየሩ ውስጥ ያለ አንድ ሰው የኪቦርዱን ድምፅ አጠፋው። መሪያችን ትከሻዬን ያዝ አድርገው ‹‹ወንድሜ፣ የሐኪምን ወሬ አትቀበል። አንደበትህን ጠብቅ፣ በቃል ራስህን አትሰር›› አሉኝ፣ ለስለስ ብለው። ክፉ ሰው አልነበሩም። ከፊታቸው የቆመውን ወንድ ምን እንደሚያደርጉት ነው ያላወቁት። ለዚህ የሚሆን ልማድ አልነበራቸውም።

‹‹ተቀብዬዋለሁ›› አልኳቸው። ‹‹ጌታ ሲፈጥረኝ አብሮኝ ነበር። እርስዎም እሷን ይቅርታ ይጠይቋት።››

አልጠየቋትም። ‹‹እንጸልይ›› አሉ።

ሁሉም ዓይኑን ሲጨፍን ሚስቴ ብርድ ልብሷን አጣጥፋ ወረፋ ወደምትጠብቀው እህት ዘረጋችላት። ሴትዮዋ ጸሎቱ ሳያልቅ ዓይኗን ገልጣ ነበር። ብርድ ልብሷን አየች፣ ሚስቴን አየች፣ እጇን ወደ ኋላ ሰበሰበች። ከፀነሰች እጅ አይደለማ! ሁለተኛዋም ራሷን ነቀነቀች። ‹‹መድረኩ ላይ ተያትና እንሂድ›› አልኳት ለሚስቴ በጆሮዋ።

ሚስቴ ግን እንደ እኔ አትጮህም፣ በሰው ፊት መናገር አትወድም። ቀስ ብላ ብርድ ልብሷን ደረቷ ላይ አድርጋ ያዘቻት።

‹‹አልተውም›› አለች፣ በአካባቢዋ ላለ ሁሉ በሚሰማ ድምፅ። ‹‹ይህን ያህል ዓመት ሳጥባት ስተኩሳት የኖርኩት እኔ ነኝ። ሰው ካልፈለጋት የእኔ ናት።››

ይዛት ወጣች፤ እኔም ተከትዬያት ወጣሁ። ከኋላችን ምን እንደተባለ በኋላ ሰምቻለሁ። ኅብረቱ ሌላ ብርድ ልብስ እንደገዛም ሰምቻለሁ፤ ሰማያዊ ነች አሉ። እኛ ግን ወደዚያው አዳራሽ ተመልሰናል፣ ተቀምጠናል፣ ዘምረናል። ጌታ ቤተ ክርስቲያኑን የሠራው እኛን ሊያሳፍር አይደለም። ከዚያ ወዲያ ፊት የወጣንበት ቀን ግን የለም።

የቀረችኝ እናቴ ነበረች። በዚያው ሳምንት ደወልኩላት። ስለ ዋይ ክሮሞዞም አላወራሁም፣ ‹‹እማዬ፣ የማልወልደው እኔ ነኝ፤ በምርመራ ተረጋግጧል፣ መድኃኒትም የለውም›› ብዬ ነው የነገርኳት።

‹‹ለማን ለማን ተናገርክ?›› አለች።

‹‹ለሁሉም።››

‹‹ምነው ልጄ! እሷ ናት ቢባል ምን ነበረበት?››

‹‹እሷም ልክ እንዲሁ ነው ያለችኝ። ከተጋባን ጀምሮ በዚህ ብቻ ተስማማችሁ።››

‹‹እንዲህ አለች?››

‹‹ሐኪም አንቺ ጤነኛ ነሽ ካላት ዓመት አልፎታል። ለእኔ እንኳን ሳትነግር፣ ሲሰድቧት ዝም አለች። አንቺ ትኬት ቁረጥላት ስትዪኝም እሰማ ነበር ብላኛለች። ያንቺን ልጅ ስም ነው ተሸክማ የኖረችው፣ እማዬ።››

አጠገቧ ያለች ዶሮ ስትጮህ ይሰማኛል። ‹‹ያየሽልኝን ልጅ ለሌላ ስጫት›› አልኳት።

‹‹ዝም በል አንተ›› አለችኝ። ቀጥላም ‹‹ስልኩን ስጣት›› አለች።

‹‹ለማን?››

በስሟ ጠራቻት። ስልኩን ለሚስቴ ሰጠኋት። ሚስቴ ቆማ ነበር የተቀበለችው፤ እየሰማች አልጋው ላይ ተቀመጠች። ‹‹አቤት... እሺ... እሺ እማማ›› ከማለት ሌላ ቃል አልወጣትም። ጥር ነበር፤ የዶሃ ጥር ከባሕሩ በሚነፍሰው ነፋስ የእኛን ክፍል የመሰለችውን ቤት ያንቀጠቅጣል። ስልኩን ዘግታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

‹‹ምን አለችሽ?››

‹‹አገሩ ይበርዳል ወይ አለችኝ። አሁን አዎ ስላት፣ ልብስ ደርቢ ልጄ፣ ብርድ እንዳይመታሽ አለችኝ።››

ተነስታ ሻንጣዋን ከፈተች። ቢጫዋን ብርድ ልብስ አወጣች፣ ዘርግታ አየቻት፣ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገቻት። የሕፃን ስለሆነች ጀርባዋን እንኳን በቅጡ አትሸፍንም።

‹‹ታሞቃለች›› አለች። ‹‹እስካሁን ለብርድ ሳልለብሳት!››